ስፒከሩን ከቡፌው አውርዱት

እስቲ ሳሎናችሁን ዞር ብላችሁ እዩት። ቲቪው ቡፌው ላይ ነው። ስፒከሮቹም እዚያው ናቸው፤ አንዱ ከምርቃት ፎቶ አጠገብ ቆሟል፣ ሌላው ከብርጭቆዎቹ ኋላ ተወሽቋል፣ ምናልባትም አናቱ ላይ ዳንቴል ተደርጎለታል። ሶፋው ግድግዳው ላይ ተለጥፏል። ወለሉ ሴራሚክ፣ ጣሪያው ኮንክሪት።

የኔም ቤት እንደዚሁ ነበር። ሙዚቃው አልጥም ሲለኝ ጥፋቱ የዕቃው ነው ብዬ ሁለት ጊዜ ስፒከር ቀይሬያለሁ። ሁለቱም ጊዜ ለሳምንት ያህል ደስ አለኝ፣ ከዚያ ያው ድምፅ ተመለሰ። በኋላ አንድ እሁድ ቤት ስናጸዳ ስፒከሮቹን ከቡፌው አውርጄ ሁለት በርጩማ ላይ አስቀመጥኳቸው። ሙዚቃው አልጠፋም ነበር። መጥረጊያውን እንደያዝኩ ቀጥ ብዬ ቆምኩ። ዘፋኙ ከሳጥን ወጥቶ በሁለቱ በርጩማዎች መሃል፣ ምንም ዕቃ በሌለበት ባዶ ቦታ ላይ የቆመ ነበር የመሰለኝ።

ከዚያ ወዲህ ብዙ ነገር ሞክሬያለሁ። እዚህ የምጽፈው ሠርቶ ያየሁትን ነው። አብዛኛው ገንዘብ አይጠይቅም፤ አንድ ሜትር፣ ሲባጎ፣ የባትሪ ድንጋይ፣ መስታወትና አንድ ነጻ ከሰዓት ካላችሁ ይበቃል።

ቦታው

ሁለቱ ስፒከሮችና የእናንተ ጭንቅላት ሦስት ማዕዘን መሥራት አለባቸው፤ ሦስቱም ጎኖች እኩል። በስፒከሮቹ መካከል 2 ሜትር ካለ፣ ከእያንዳንዱ ስፒከር እስከ ጆሯችሁም 2 ሜትር ይሁን። በሲባጎ ለኩት፣ በዓይን ግምት አትተዉት። አንዱ በ20 ሴንቲ ሜትር ቀረብ ካለ ዘፋኙ ወደዚያ ወገን ይሳባል፣ መሃሉም ይፈርሳል።

ከፍታው ደግሞ ትንሿ ስፒከር፣ ማለትም ትዊተሯ፣ ቁጭ ስትሉ ከጆሯችሁ እኩል እንድትሆን ነው። ብዙ ሰው ሶፋ ላይ ሲቀመጥ ጆሮው ከወለል ከ90 እስከ 100 ሴንቲ ሜትር ላይ ይሆናል። ለዚህ ማቆሚያ መግዛት የግድ አይደለም። ወፍራም በርጩማ ይሆናል፣ በጨርቅ የተጠቀለለ ብሎኬትም ይሆናል። ልጆች ያሉበት ቤት ከሆነ ግን እንዳይወድቅ አድርጋችሁ እሰሩት፤ ከልባችሁ እሰሩት፣ ስፒከር ሕፃን ላይ ሲወድቅ ቀልድ አይደለም።

ቀጥሎ ከኋላው ግድግዳ አላቁት። ስፒከር ግድግዳ ጋ ሲጠጋ ወፍራሙ ድምፅ ይጨምራል፣ ማዕዘን ውስጥ ሲገባ ደግሞ ይብስበታል። በቡፌ ውስጥ ያለ ስፒከር ደግሞ የእንጨቱን ሣጥን ጭምር ያንቀጠቅጣል፤ ከብርጭቆዎቹ ጋር አብሮ የሚንጫረረው እሱ ነው። ከ40 እስከ 60 ሴንቲ ሜትር ወደ ፊት አምጡትና ስሙ። ቤዙ ከሳሳባችሁ በ5 በ5 ሴንቲ ሜትር ወደ ኋላ መልሱት። ቦታው ሲገኝ ወለሉ ላይ በፕላስተር ምልክት አድርጉ፣ ቤት ሲጸዳ መነሳቱ አይቀርማ።

ሶፋችሁም ከግድግዳው ይላቀቅ። ይህንን ብዙ ሰው አያምነኝም። ሳሎኑ 4 ሜትር ርዝመት አለው እንበል። ድምፅ በሰከንድ 343 ሜትር ያህል ይሄዳል፤ ስለዚህ 4 ሜትር ርዝመት ያለው ክፍል 43 ኸርዝ አካባቢ ያለውን፣ ማለትም በሰከንድ 43 ጊዜ ያህል የሚንቀጠቀጠውን ድምፅ ሲያገኝ ራሱ ማስተጋባት ይጀምራል። የቤዝ ጊታር የመጨረሻው ወፍራም ክር ደግሞ 41 ኸርዝ ነው። አያችሁት? ቤዝ ተጫዋቹ ያቺን ክር በነካ ቁጥር ቤታችሁ አብሮት ይጮኻል። ጩኸቱ ከሁሉ በላይ የሚከማቸው ግድግዳዎቹ ጋ ነው፤ እናንተ ደግሞ ጀርባችሁን ግድግዳ አስደግፋችሁ እዚያው ውስጥ ተቀምጣችኋል። በ4 ሜትር ሳሎን ከኋላው ግድግዳ 1 ሜትር ተኩል ያህል መራቅ ጥሩ ነው። ያ ካልተቻለ 40 ሴንቲ ሜትርም ለውጥ ያመጣል። ለማዳመጥ ብቻ አንድ ወንበር ወደ መሃል አምጥቶ ሲያልቅ መመለስም ይቻላል። እኔ እንደዚያ ነው የማደርገው።

ገመዱ

ስፒከር ገመድ ፕላስና ማይነስ አለው፣ ቀይና ጥቁር። አንዱ ስፒከር ላይ ተገለባብጦ ከታሰረ ሁለቱ ስፒከሮች ይቃረናሉ፤ አንዱ ሲገፋ ሌላው ይስባል። ዕቃው አይበላሽም፣ ግን ቤዙ ይጠፋል፣ የዘፋኙም ቦታ አይታወቅም፤ ድምፁ ከሁሉም ቦታ የሚመጣ ይመስላል። ብዙ ቤት ገብቼ ይህንን አግኝቻለሁ፣ ባለቤቶቹ ለዓመታት እንደዚያ ሲሰሙ ኖረዋል።

ገመዱ ላይ ምልክት ከሌለ በባትሪ ድንጋይ ትለዩታላችሁ። መጀመሪያ ገመዱን ከአምፕሊፋየሩ ንቀሉ። ከዚያ 1.5 ቮልት ድንጋይ ወስዳችሁ የገመዱን ሁለት ጫፍ ለአፍታ ብቻ ነካ አድርጉት። «ጧ» ይላል፣ ትልቁ ስፒከር ወይ ወደ ውጭ ይገፋል ወይ ወደ ውስጥ ይገባል። ወደ ውጭ ከገፋ፣ የድንጋዩ አናት የነካው ሽቦ ፕላስ ነው። ወደ ውስጥ ከገባ ተቃራኒው። ሁለቱንም እንዲህ ፈትናችሁ አንድ ዓይነት አድርጋችሁ እሰሩ። ውድ ገመድ አያስፈልግም። ለ3 እና ለ4 ሜትር ርቀት 1.5 ካሬ ሚሊ ሜትር የሆነ ተራ የመብራት ገመድ በቂ ነው።

ክፍሉን ማረጋጋት

መሃል ሳሎን ቁሙና አንዴ ጠንከር አድርጋችሁ አጨብጭቡ። «ጢንንን» የሚል ብረት ብረት የሚል ጭራ ካለው፣ ግድግዳዎቹ ድምፁን እየተቀባበሉት ነው። ሙዚቃችሁም በሙሉ ያንን ጭራ ይዞ ነው የሚመጣችሁ።

አያቴ ቤት ጭቃ ቤት ነበር፤ ግድግዳው ጎርበጥ ያለ፣ ኮርኒሱ አቡጀዲ፣ መደቡ ላይ አጎዛ፣ ጥግ ላይ የተከመረ ፍራሽ። አንዲት የድንጋይ ራዲዮ ነበረቻቸው። ዛሬ ሳስበው የዚያች ራዲዮ ድምፅ ግልጽ ሆኖ የሚሰማን በምክንያት ነው። ጨርቁ፣ አጎዛው፣ ፍራሹ ሁሉ ድምፅ ይጠጣል። ኮንዶሚኒየም ስንገባ እነዚህን ሁሉ አውጥተን በምትካቸው ሴራሚክ፣ መስታወትና ኮንክሪት አስገባን።

መድኃኒቱም ያው ነው። በእናንተና በስፒከሮቹ መካከል ወለሉ ላይ ወፍራም ምንጣፍ አንጥፉ፤ የፕላስቲኩ ምንጣፍ አይቆጠርም። ለመስኮቱ ስስ መጋረጃ ብቻ ሳይሆን ወፍራሙንም ስቀሉ፣ ስታዳምጡ ዝጉት። ከኋላችሁ መጽሐፍ የሞላ መደርደሪያ ካለ ትልቅ ነገር ነው።

ለጎን ግድግዳዎች መስታወቷን አምጡ። እናንተ የማዳመጫ ቦታችሁ ላይ ተቀመጡ፣ ሌላ ሰው መስታወቱን በጆሯችሁ ከፍታ ይዞ ግድግዳው ላይ እያንሸራተተ ይሂድ። መስታወቱ ውስጥ ስፒከሩ የታያችሁ ቦታ ላይ ነው ድምፁ ነጥሮ ወደ እናንተ የሚመጣው። እዚያ ላይ አንድ ነገር ስቀሉበት፤ ወፍራም የሱፍ ብርድ ልብስ፣ ስጋጃ፣ የታጠፈ ቡልኮ። ለሙከራ በወንበር ጀርባ ላይ ማንጠልጠል ይበቃል። ከዚያ እንደገና አጨብጭቡ።

ቡልኮው ወፍራሙን ቤዝ አይነካውም፤ የሚያረጋጋው ቀጭኑንና መካከለኛውን ድምፅ ነው። ቤዙን የምታስተካክሉት በቦታ ነው፣ ቅድም እንዳልኩት ስፒከሩንና ወንበሩን በማንቀሳቀስ።

የሚጠብቀው ፊደል

ስለዚህ ነገር ትንሽ ረዘም አድርጌ ልናገር፤ እኔን ወደ ጥሩ ድምፅ ያመጣኝ ይሄ ነውና።

አማርኛችን በመጥበቅና በመላላት ትርጉም ይለውጣል። «ይመታል» ሲላላ መቺው እሱ ነው፤ ሲጠብቅ ተመቺው እሱ ነው። «ዋና» ሲላላ ውኃ ውስጥ ነው፣ ሲጠብቅ አለቃ ነው። «ሰፊ» ሲላላ ልብስ ይሰፋል፣ ሲጠብቅ ቦታ ይይዛል። የዘፈን ግጥም ሰምና ወርቅ ብዙ ጊዜ እዚህች ላይ ነው የሚንጠለጠለው። ዘፋኙ ሆን ብሎ በሁለቱ መሃል ያደርጋታል፣ ወይም በመጀመሪያው ዙር አላልቶ በሁለተኛው ያጠብቃታል።

አሁን «ተ» ሲጠብቅ ምን እንደሚሆን በራሳችሁ አፍ ሞክሩት። ቀስ ብላችሁ አጥብቃችሁ «ይመታል» በሉ። ምላሳችሁ ላንቃችሁን ይዞ ለሰከንድ ሽራፊ ይቆያል፣ አየሩ ይዘጋል፣ ከዚያ ይለቀቃል። በዚያች ሽራፊ ውስጥ ድምፅ የለም። መጥበቁን የምናውቀው በዚያች ዝምታ ነው። ባዶ የኮንክሪት ክፍል ውስጥ ግን ድምፅ እስኪሞት አንድ ሰከንድና ከዚያ በላይ ሊቆይ ይችላል። የቀደመው ፊደል ማስተጋቢያ ዝምታዋን ይሞላታል። የጠበቀውና የላላው ተመሳስለው ይመጣሉ፣ ግጥሙ ሰሙን ይዞ ይቀራል፣ ወርቁ ግድግዳው ላይ ይጠፋል።

ለዚህ ነው ምንጣፍና መጋረጃ ላይ የምጨቀጭቃችሁ። ጠ፣ ቀ፣ ጨ፣ ጸ የሚባሉት ፊደሎች ሲፈነዱ ጥርት ብለው ካልተሰሟችሁ ትሬብሉን፣ ማለትም የቀጭኑን ድምፅ መጨመሪያ፣ ከማስጮህ በፊት ክፍሉን አረጋጉት። ትሬብል መጨመር ማስተጋቢያውንም አብሮ ይጨምረዋል።

ዕቃ የምትገዙ ከሆነ

አዲስም ሆነ ያገለገለ፣ ካርቶኑ ላይ በትልቁ የተጻፈውን ዋት አትመኑ። «ፒኤምፒኦ» የሚል፣ ማለትም ለማሻሻጫ የተጋነነ ዋት፣ ካለበት ጭራሽ እለፉት፤ ኋላው ላይ የተለጠፈችውን ትንሿን ጽሑፍ አንብቡ፣ ዕቃው ከመብራት የሚወስደው ዋት እዚያ ላይ አለ። 60 ዋት ወስዶ 3000 ዋት የሚሰጥ ማሽን የለም።

ደግሞም ያን ያህል ዋት አያስፈልጋችሁም። ተራ የቤት ስፒከር በ1 ዋት፣ በ1 ሜትር ርቀት ላይ 87 ዲሲቤል (የጩኸት መለኪያ ነው) አካባቢ ያወጣል፤ ይህ ሳሎን ውስጥ ጮክ ያለ ድምፅ ነው። ዋቱን እጥፍ ብታደርጉት የምታገኙት 3 ዲሲቤል ብቻ ነው፤ ለጆሮ እጥፍ ጮኸ የሚያስብለው 10 ዲሲቤል ሲሆን እሱ ደግሞ 10 እጥፍ ዋት ይፈልጋል። ስለዚህ በ50 ዋትና በ100 ዋት መካከል ያለው ልዩነት ከምታስቡት በጣም ያነሰ ነው። ባለ 30 ዋት ጤነኛ አሮጌ ስቴሪዮ አምፕሊፋየርና ሁለት የእንጨት ስፒከር ለአንድ ሳሎን ይተርፋል።

ያገለገለ ስፒከር ስትገዙ ጨርቁን አስነስታችሁ እዩ። ዙሪያውን የያዘው ስፖንጅ በዕድሜ ይበሰብሳል፤ በጣታችሁ ነካ ስታደርጉት የሚፈረፈር ከሆነ ተዉት ወይም ዋጋ አስቀንሱ። ከዚያ መሃሉን በሁለት እጃችሁ ጣቶች ቀስ ብላችሁ እኩል ግፉት። ዝም ብሎ ገብቶ ዝም ብሎ መውጣት አለበት። «ክርር» ካለ ውስጡ ያለው ጥቅል ተበላሽቷል።

ሱቅ ውስጥ ሲያሰሙዋችሁ ደግሞ ድምፁን አስቀንሱ። ጮክ ያለው ሁልጊዜ የተሻለ ይመስላል፤ የሁላችንም ጆሮ እንደዚያ ነው የተሠራው። ሁለት ስፒከር ስታወዳድሩ በአንድ ከፍታ ይሁን፣ ዘፈኑም አንድ ይሁን፣ ያውም ልቅም አድርጋችሁ የምታውቁት። ፍላሻችሁን ይዛችሁ ሂዱ።

ከውጭ ዘመድ የሚልክላችሁ ከሆነ አስቀድማችሁ ተናገሩ። የአሜሪካ ዕቃ 120 ቮልት ነው፣ ለጃፓን ገበያ የተሠራው 100 ቮልት፣ የኛ 220። ያለ ትራንስፎርመር ከተሰካ በአንድ ደቂቃ ይቃጠላል። ከዱባይ የሚመጣው ቮልቴጁ ይስማማል፣ ሶኬቱ ብቻ ነው የሚለየው። የሸክላ ማጫወቻ ላይ ሌላም ጣጣ አለ። አንዳንዶቹ ሞተራቸው የሚዞረው በመብራቱ ድግግሞሽ ነው፤ አሜሪካ 60 ኸርዝ፣ እኛ ጋ 50። ትራንስፎርመር ቮልቱን እንጂ ኸርዙን አይቀይርም። 45 መዞር ያለበት ሸክላ 37 ተኩል ይዞራል፣ ዘፋኙ ይጎተታል፣ ድምፁም ይወፍራል። ዲሲ ሞተር ግን በመብራቱ ድግግሞሽ አይመራም። እና ዘመዳችሁን «ዲሲ ሞተር ነው ወይ?» ብላችሁ ጠይቁ።

ስለ መብራት አንድ ነገር ብቻ። መብራት ሲጠፋ ተነሱና አምፕሊፋየሩን ከሶኬት ንቀሉት። ሲመለስ ከፍ ዝቅ እያለ ነው የሚመጣው፣ አምፕሊፋየር የሚገድለውም ያ ነው። እኔ አንድ የምወደውን በዚህ አጥቻለሁ። ስታቢላይዘር ካላችሁ ጥሩ፤ ቢኖርም ንቀሉ። መብራቱ ከመጣ በኋላ አምስት ደቂቃ ታገሡ።

ስልክና ካሴት

ከስልክ የምታጫውቱ ከሆነ ከብሉቱዝ ይልቅ ገመድ ይሻላል። የስልኩን ድምፅ ወደ መጨረሻው ጠጋ አድርጉና መቆጣጠሩን ለአምፕሊፋየሩ ተዉት። «ቤዝ ቡስት» የሚለውን አጥፉ። ፋይሉን ስትመርጡ ደግሞ ራሱ ዘፋኙ ወይም አሳታሚው የለቀቀውን ፈልጉ፤ ከካሴት ወደ ስልክ፣ ከስልክ ወደ ስልክ ሲገለበጥ የኖረ ቅጂ ስንት ጥሩ ስፒከር ቢያገኝ አይነሳም።

ካሴቱ ግን የተለየ ነገር ነው። አምሃ እሸቴ እ.ኤ.አ. በ1969 የራሱን የሸክላ ማሳተሚያ ሲያቋቁም የተጀመረው ዘመን አሥር ዓመት ያህል ነው የቆየው፤ በዚያው አቆጣጠር በ1970ዎቹ መጨረሻ ሸክላው ለካሴት ቦታውን ለቀቀ። ስለዚህ አብዛኛው ቤት ውስጥ፣ አልጋ ሥር ባለ ካርቶን ውስጥ ያለው ካሴት ነው። አትጣሉት። አንዳንዱ ሌላ ቦታ የማይገኝ ቅጂ ነው።

ለዓመታት የተቀመጠ ካሴት ወዲያው አታጫውቱ። በመጀመሪያ በቢክ እስክሪብቶ ሁለት ሦስት ዙር አዙሩት፣ ተጣብቆ እንደሆነ እጃችሁ ይነግራችኋል። ከዚያ በቴፑ ወደ ፊት እስከ መጨረሻው አስኪዱትና መልሱት፤ ክሩ ይፈታል። የቴፑን ራስ፣ ያቺን የምታብረቀርቅ ብረት፣ በጥጥና በአልኮል ጥረጉ፤ አልኮሉ 90 ፐርሰንትና ከዚያ በላይ ይሁን። ጥጡ ቡናማ ሆኖ ይወጣል። ቡናማ እስኪያቆም ድገሙት። አጠገቧ ያለችውን ከጎማ የተሠራች ትንሽ ተሽከርካሪም እንዲሁ።

ይህን ሁሉ አድርጋችሁ አሁንም ድምፁ ብርድ ልብስ የተሸፈነ ዓይነት ከሆነ፣ ከራሷ ጎን አንዲት ትንሽ ብሎን አለች። ካሴቱ እየሄደ በትንሽ ካቻቢቴ ያቺን ብሎን ሩብ ዙር እንኳ ሳትሞሉ በጣም በቀስታ ወዲህና ወዲያ አድርጓት። አንድ ቦታ ላይ ብርድ ልብሱ የተገፈፈ ያህል ጽናጽሉ ብልጭ ይላል። እዚያ ላይ ተዉት። ሌላ ቴፕ ላይ የተቀዳ ካሴት ከሆነ የራሱ አቀማመጥ ስላለው ለየካሴቱ መደገም ሊኖርበት ይችላል።

እንደዚያ ተስተካክሎ ሳለ ወደ ኮምፒውተር ቅዱት። በሲዲ ጥራት፣ ማለትም በ44.1 ኪሎ ኸርዝና በ16 ቢት፣ አንድ ደቂቃ 10 ሜጋ ባይት ገደማ ይወስዳል፤ የ60 ደቂቃ ካሴት ከ650 ሜጋ ባይት አይበልጥም። ዛሬ ይህ ምንም አይደለም።

አሁን ቁጭ በሉ

ስልኩ ሌላ ክፍል ይሁን። መብራቱን ቀንሱ። የካሴት አንድ ገጽ ግማሽ ሰዓት ነው፤ ለጅምሩ ያ ይበቃል።

ድምፁን ብዙ አታስጮሁት። 85 ዲሲቤል ላይ ጆሮ በቀን 8 ሰዓት ይችላል ይባላል፣ 3 ዲሲቤል በጨመራችሁ ቁጥር ሰዓቱ በግማሽ ይቀንሳል። ዘፋኙ እፊታችሁ ቆሞ ቢዘፍን የሚኖረው ከፍታ በቂ ነው። ኮንዶሚኒየም ከሆናችሁ ደግሞ ስፒከሩ ሥር ወፍራም ስፖንጅ አድርጉ፤ ቤዙ በኮንክሪቱ ተጉዞ ጎረቤት አልጋ ሥር እንዳይወጣ።

አንድ ዘፈን ምረጡና ሦስት ጊዜ ስሙት። በመጀመሪያው ዙር ቤዝ ጊታሩን ብቻ ተከተሉ፤ ሌላው ሁሉ ይለፍ። ችክችካ ከሆነ ስድስቱን ምት ቁጠሩ፣ ቤዙ የት ላይ እንደሚያርፍ፣ የትኛውን ምት ሆን ብሎ እንደሚዘል ታገኙታላችሁ። ሁለተኛው ላይ ቅኝቱን ያዙ፤ ትዝታ ነው፣ ባቲ ነው፣ አምባሰል ነው ወይስ አንቺ ሆዬ? ዘፈኑ ዞሮ ዞሮ የሚያርፍበትን ድምፅ አብራችሁ አንጎራጉሩት፣ ከዚያ ተነስታችሁ አምስቱን ድምፆች ፈልጉ። ሦስተኛው ላይ ዘፋኙን ብቻ። የት ይተነፍሳል? የትኛውን ፊደል ያጠብቃል? ቅላጼውን ሲያንከባልል ስንት ጊዜ ያጥፈዋል? በሞኖ፣ ማለትም ለሁለቱም ስፒከር አንድ ዓይነት ድምፅ ሆኖ የተቀዳ የቆየ ዘፈን ከሆነ ሁሉም መሃል ላይ ተከማችቶ ይሰማችኋል፤ ስፒከሩ ተበላሽቶ አይደለም፣ አቀዳዱ ነው።

የባህል መሣሪያ ለዚህ ልምምድ እንደ አስተማሪ ነው። ማሲንቆ አንድ ክር ብቻ ነው ያለው፣ የፈረስ ጭራ። ጥሩ በተቀመጠ ስፒከር ላይ ጭራው ከጭራ ጋር ሲፋተግ የሚያወጣውን ሻካራ ድምፅ ከዜማው ለይታችሁ ትሰሙታላችሁ። ዋሽንት ላይ ከድምፁ ቀድማ የምትመጣ ትንፋሽ አለች። ጌታቸው መኩሪያ ሽለላን በሳክስፎን የተጫወተውን ስትሰሙ ያው ትንፋሽ ናሱ ውስጥ ሲቃጠል ይሰማችኋል።

የኔ መፈተኛ ግን በገና ነው። አሥር ክር አለው፣ በየክሩ ሥር ደግሞ ክሩን እንዲነዝር የምታደርግ ትንሽ የቆዳ ቁራጭ አለች። ስለዚህ እያንዳንዱ ድምፅ ሁለት ነገር ነው፤ ከሥር ያለው ጥልቅ ድምፅና ከላይ ያለው ንዝረት። በሁዳዴ ሬዲዮ ላይ ስትሰሙት አስተውላችሁ እንደሆነ በትንሽ ስፒከር ላይ ንዝረቱ ብቻ ይቀራል፣ ንብ የገባበት ቆርቆሮ ይመስላል። ስልክ ስፒከር ያንን ጥልቅ ድምፅ ማውጣት አይችልም። ሳሎናችሁ ሲስተካከል ሁለቱም ይመጣሉ፤ ጥልቁ ደረታችሁ ላይ፣ ንዝረቱ ጆሯችሁ ላይ፣ መሃላቸው ደግሞ የደርዳሪው ለስላሳ ድምፅ። እዚያ ከደረሳችሁ ስፒከሩን ማንቀሳቀስ አቁሙ፣ ፕላስተሩን ለጥፉ።

እኔ እዚያ የደረስኩት ባለፈው ክረምት ነው። እናቴ ልትጠይቀኝ መጥታ ቡና አፍልታ፣ አቦሉን እየጠጣን ሳለ በወጣትነቷ የገዛችውን ካሴት አስገባሁላት። ራሱን ጠርጌ፣ ብሎኗን አስተካክዬ ነበር። ወንበሩን መሃል ላይ አደረግሁላት። ሁለተኛው ዘፈን ላይ ሲኒዋን አስቀመጠች። «ይቺን ቃል እኮ ዕድሜ ልኬን ሳላላት ነው የኖርኩት» አለች። «ጠበቅ አድርጎ ነው ለካ የሚላት። ሰውዬው እየከሰሳት ነው እንጂ እያመሰገናት አይደለም።» ትንሽ ዝም ብላ ጣሪያውን አየች።

«እስቲ መልሰው» አለችኝ።